የኔታ ተሸክመውት የወጡት እንግሊዝኛ

ያኔ ማትሪክ የወደቀ ወንድ ልጅ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ ብሔራዊ ውትድርና ነው። ሁለተኛውን የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም።

እኔ በሌሎቹ ትምህርቶች እንደነገሩ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛው ግን ኤፍ ሆኖ መጣ። አባቴ የውጤቱን ወረቀት አቅርበውም አርቀውም ካዩት በኋላ የወደቅኩበት የቱ ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ። ኤፏን በጣቴ አሳየኋቸው። ትክ ብለው አይተዋት «ምነው፣ ቆማለች እኮ» አሉ። አባቴ ቀልደኛ አልነበሩም። ያዩትን ነው የተናገሩት።

አባቴ የንባብ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የአውቶብሱ መጨረሻ ፌርማታ በላይ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው አቀበት ላይ፣ ባሕር ዛፍ መሐል ነው። የሰፈሩ ልጅ ከፊደል እስከ ዳዊት በእሳቸው እጅ ያልፋል። ሰፈሩ የኔታ ይላቸዋል፣ እናቴም የኔታ ትላቸዋለች፣ እኔም ከዚያው ሰምቼ የኔታ አልኳቸው። አባባ የሚባል ሰው በቤታችን አልነበረም።

መስከረም ላይ ሁለተኛው መንገድ ተገኘ። ክፍለ ሀገር ያለ አንድ የቴክኒክ ማሰልጠኛ፣ የራሱን የእንግሊዝኛ ፈተና ካለፈለት፣ ማትሪክ ላይ የተደናቀፈውንም ይቀበላል ተባለ። ፈተናው ሦስት ክፍል አለው፤ መስማት፣ ቃላትና ንባብ። የገባ ሰልጣኝ ለውትድርና አይጠራም። ያልገባ ይጠራል። ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ይህን ሲሰማ «ካለፈ ደግ፤ ካላለፈም እናት አገር አለችው» አለ። በመልካም ፊት ነው ያለው።

እስከ ፋሲካ መቆየቱ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። አፈሳ ተጀምሯል። ከእኔ ጋር ዳዊት የደገመ የጎረቤት ልጅ ለእናቱ ላምባ ሊገዛ ወደ ዋናው መንገድ ወርዶ በዚያው በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ጀሪካኑን ሰዎች አመጡላት። የተማሪነት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበረው አሉ፤ ወረቀት የሚነበበው ግን ከታፈሱ በኋላ ነው። የኔታ እናቲቱን አጽናንተው እንደተመለሱ፣ እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ከአጥራችን በታች እግሬ እንዳይወርድ ገዘቱኝ። ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸውን ያወቅኩት ምሳቸውን ሳይቀምሱ ስለዋሉ ነው።

አሁን እንግሊዝኛ የሚያስተምረኝ ሰው ጠፋ። መጽሐፍ አግኝቼ ብቻዬን አነባለሁ ብል የኔታ አልሰሙኝም። ከመምህር አፍ ያልወጣ ንባብ በእሳቸው ዘንድ ንባብ አይደለም፤ ለብቻው ያነበበ ሰው የሚያጠናው ስሕተቱን ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ በአቅራቢያችን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከታች መንገዱ ዳር ትንሽ ሱቅ ያለው ጡረተኛ ሾፌር ነው፤ ካራ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚለው። ለዓመታት የአንድ የእንግሊዝ ቤተሰብ መኪና ነድቷል። ፈረንጆቹ አገር ሲለቁ ሽፋኑ የጠፋ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ትተውለት ሄደዋል። ጋሼ ወገቡን ስለሚያመው አቀበቱን አይወጣም። እኔ አልወርድም። መፍትሔው ለየኔታ ቀላል ነበር፤ እሳቸው ወርደው ንባቡን ይቀበሉና ይዘውልኝ ይወጣሉ።

«በምን ይዘውት ነው የሚወጡት?» አለች እናቴ፣ ጥጧን እየፈተለች።

«በራሴ» አሉ።

«የቸገረው እርጉዝ ያገባል» አለችና እንዝርቷን አሾረች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። የንባብ መምህር ግን ሲሰማና ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። የኔታ በቃላቸው የያዙት መጽሐፍ በዐይናቸው ካዩት ይበዛ ነበር። እሳቸውን ያስቸገራቸው ይልቅ ፊደሉ ነው።

«ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ ስድስት።»

«ከነቤተሰቡ?»

«ቤተሰብ የለውም፣ የኔታ።»

«ካዕብ የለውም? ሣልስ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ይዞ ነው ያን ሁሉ አገር የገዛው?»

 

በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ያዋሰንን መጽሐፍ ጋቢያቸው ሥር ሸጉጠው ይወርዳሉ። ገጹን እኔ በሰንበሌጥ አመለክትላቸዋለሁ። ጋሼ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አንዱን ምንባብ ሁለት ጊዜ ያነብላቸዋል። አነባበቡ የሾፌር ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ፍሬን ይይዛል፣ አራት ነጥብ ላይ ሞተር ያጠፋል። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ አንድ ጊዜ ይመልሱለታል፣ ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አቀበቱን ይያያዙታል። መንገድ ላይ ሰላም የሚላቸውን ሰው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፉታል፤ አፋቸው ሥራ ላይ ነው። ቤት ሲደርሱ ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ይቀመጡና ይሰጡኛል። መሐል ላይ ካቋረጥኳቸው ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት። መጽሐፉን መግለጥ የምችለው በጆሮዬ ተቀብዬ፣ በአፌ መልሼ ከሰጠሁ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ምንባብ ስለ አንድ ገበሬ ነበር። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

«ዘ ፋርመር ኦፕንድ ዘ ጌት። ስኳር የለም ብያለሁ። ዘ ካው ሶው ዘ ግራስ።» ከዚያ ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ ሁለተኛው ረዘም ያለ ነው። «ዘ ካው ወዝ ሃፒ።»

እኔ ገበሬውን፣ ላሟንና ሣሩን መለስኩላቸው።

«ጎደለ» አሉ።

«ምኑ?»

«ስኳሩም ሳሉም።»

«የኔታ፣ ጋሼ እኮ ለገበያተኛ ሲመልስ ነው። የመጽሐፉ አይደለም።»

«ስኳሩ አማርኛ መሆኑን እኔም አውቃለሁ» አሉ። «ግን አንዱን አይረባም ብዬ ከጣልኩ ሌላውንም እጥላለሁ። የሚጣለውን ከማይጣለው በምን እለየዋለሁ? አንተ ዳዊት ስትደግም ይኼ አይጠቅምም ብለህ የዘለልከው አለ?»

አልነበረም። ሳልኩ።

ወሬው ጋሼ ዘንድ ሲደርስ በጣም አፈረና ከዚያ ወዲያ ሱቁን ዘግቶ ያነብላቸው ጀመር። ሳሉን ግን መዝጋት አልቻለም። ዛሬም ድረስ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ስጀምር ጉሮሮዬን ይበላኛል።

ቃላቱን በግስ አጠናሁ። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የግእዝ ቃል ሲያጠና ቃሉንና ፍቺውን «ብሂል» በምትል ቃል አያይዞ በዜማ ያወርደዋል። እኔም እንደዚያው «ጎ ብሂል ሄደ፣ ከም ብሂል መጣ፣ ኢት ብሂል በላ» እያልኩ አወርድ ነበር። ግሱን የምሰጠው ለእናቴ ነው። የኔታ ግሱ ሲጀመር ተነሥተው ይወጣሉ። ትርጉም የገባው ሰው ንባብ ያበላሻል ይላሉ፤ ነገሩን ካወቀ በራሱ ቃል ይለውጠዋል። መጀመሪያ ንባቡ ይለቅ፣ ትርጓሜው በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ እናቴ ፍቺውን ሁሉ እየሰማች ስትፈትል የኔታ ደጅ ከዶሮዎቹ ጋር ቆመው ይጠብቃሉ። እናቴ ዶሮዎቹን «ጎ!» እያለች ማባረር ከጀመረች በኋላ አጥሩ ድረስ መራቅ ግድ ሆነባቸው።

ሰፈሩ መናገር ጀመረ። የንባብ መምህር በየሁለት ቀኑ ብቻቸውን እየለፈለፉ ዳገት ሲወጡ፣ ቋንቋውም ግእዝም፣ አማርኛም፣ ኦሮምኛም ሳይሆን ሲቀር፣ ሰው የጠረጠረው ድግምት ነው። እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከነሸክማቸው ከመንገዱ ወጥተው ያሳልፏቸው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የኔታ የሰሙት በመጨረሻ ነው። የነገራቸውም የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃውን እንዳነገተ መንገድ ላይ አስቆማቸው። እሱም ድሮ እሳቸው ዘንድ ዳዊት የደገመ ልጅ ነው።

«የኔታ፣ ሰው እየተጠራጠረ ነው። ምንድን ነው የሚሉት?»

«እንግሊዝኛ።»

«ምን ማለት ነው?»

«አላውቅም።»

«የማያውቁትን ነገር ለምን ይሉታል?»

«አንተስ በውይይት ክበብ የምታነበውን ሁሉ ታውቀዋለህ?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። የሚማረው ማን እንደሆነ አልጠየቃቸውም፤ ያውቃል። «በሉ ይሂዱ፣ እንዳይጠፋብዎት» አላቸው። ግን ጠፍቶባቸው ነበር። የምንባቡ ግማሽ በዚህ ጭውውት ስለበነነ የኔታ ተመልሰው ወርደው እንደገና ተቀበሉ። ሲወጡ የበልግ ዝናብ ያዛቸው። ቤት ሲደርሱ ጋቢያቸው የተነከረ ነበር፤ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ምንባቡን እስከ መጨረሻው ሰጡኝ። እናቴ ጋቢውን ስትጨምቅ አለቀሰች። መጽሐፉ ከደረታቸው ሥር ደረቅ ነበር።

ያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። ጋሼ ከንፈሩ ደርቆ ያነባል፣ የኔታ ከንፈራቸው ደርቆ ይሰማሉ፤ አንዱ ለሌላው ውኃ እንኳ ሊጋብዝ አይችልም። ጋሼ በእነዚያ ሳምንታት ሳሉ እየባሰበት ሄደ። እኔም ሁሉንም አጠናሁት።

ከመስከረም እስከ ገና በግእዝ ንባብ ሄድን፤ ይኸውም ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል ማንበብ ነው። ከገና በኋላ ወደ ውርድ ንባብ ገባን። ውርድ ንባብ ድምፅ እየተጎተተ የሚወርድበት፣ ከዜማ ብዙ የማይርቅ አነባበብ ነው። እንደ ሰው ንግግር ፈጠን ብሎ ወደሚነበበው ወደ ቁም ንባብ ሳንደርስ ፋሲካ ደረሰ። እኔ በእነዚያ ወራት ከየኔታ ሌላ የእንግሊዝኛ ድምፅ አልሰማሁም። እንግሊዞችም እንዲሁ የሚያወርዱት ይመስለኝ ጀምሮ ነበር።

የፈተናው ዕለት ጠዋት የኔታ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመው፣ ካባ ደርበው ወጡ። ካባውን ከጥምቀት በቀር ለብሰውት አይቼ አላውቅም። ወታደር ካባ ሲያይ ትንሽ ያመነታል ብለው ነው። እጄን እንደ ሕፃን ይዘው ወረዱ። ጎረምሳ ነኝ፤ ግን አላፈርኩም። የጭነት መኪናዎቹ ፌርማታው አጠገብ ቆመዋል። አንዱ ወታደር ወደ እኛ መጣ። የኔታ ቄስ አይደሉም፣ መስቀልም የላቸውም፤ ልጁ ግን ቆቡን አውልቆ አንገቱን ሰበረላቸው። «እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ» አሉትና እጄን ሳይለቁ አውቶብሱ ውስጥ አስገቡኝ። እጃቸው ላብ በላብ ነበር።

መስማት የሚባለው ክፍል ላይ አንድ የውጭ አገር መምህር ምንባቡን አንድ ጊዜ ብቻ አነበበ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ሁለተኛ ይነበባል ብሎ የጠበቀ ብዙ ነው። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ተቀብዬዋለሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዤዋለሁ፤ እንዲያውም መሐሉ ላይ ሳል አለመኖሩ ቅር አሰኝቶኛል። ቃላቱ ላይ ስደርስ «ብሂል» የምትለዋ ከአፌ አምልጣ ተቆጣጣሪው ዝም በል አለኝ። ንባቡ ግን ተራ በተራ እየገቡ ነው።

ከጠረጴዛው ኋላ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ያው ፈረንጅና አንድ ራሰ በራ ሐበሻ። መጽሐፍ ሰጡኝ። ጀመርኩ። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የምትለውን የኔታ እንደሚያወርዷት አድርጌ፣ ሳላጎድል፣ ሳልቸኩል አወረድኳት። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ከዚያ በበለጠ አሳመርኩት። ቀና ስል ፈረንጁ ብዕሩን አስቀምጦ አፍጥጦብኛል። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ፤ ምኑ እንደሆነ ግን አልገባኝም፣ አንድም ቃል አልሳትኩም።  የጭነት መኪናዎቹ ታዩኝ። ራሰ በራው ሰውዬ አንገቱን ደፍቷል። ቀና ሳይል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በቁም ንባብ» አለኝ።

ሌላ ምንም አላለም። የየት አገር ሰው፣ የየትኛው የኔታ ተማሪ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ዳዊትን በቁም ንባብ እስካንበለብለው ድረስ የተገረፍኩ ልጅ ነኝ። እንግሊዝኛውንም በዚያው አንበለበልኩት። ፈረንጁ ብዕሩን አነሣ። ስጨርስ፣ ምን ብለኸው ነው እንዲህ የተስተካከለው ብሎ ጓደኛውን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። «ፍጠን አልኩት» አለው። ይህን መስማቴን እንደ ተጨማሪ ነጥብ ቆጠርኩት።

ውጤቱ ግንቦት ላይ ተለጠፈ። እኔ ስለማልወርድ ሊያይልኝ ከተማ የሄደው ጋሼ ነው። ከሰዓት በኋላ አቀበቱን ሲወጣ ከሩቅ አየነው፤ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ፣ በየባሕር ዛፉ ሥር እየቆመ። እናቴ እንዝርቷን ጣለች። መጥፎ ወሬ ቢሆን በዚያ ወገቡ ይህን ሁሉ ለፍቶ አይመጣም አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ፣ መጥፎ ቢሆን ነው ሰው ሳይልክ ራሱ የመጣው አልኩ። ጋሼ ግቢ ገብቶ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ትንፋሹን ሲያገኝ፣ ከደስታው ብዛት አማርኛው ጠፍቶበት፣ «ሂ ፓስድ» አለ።

የኔታ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ሂ ፓስድ» ብለው መለሱለት፣ ምንም ሳያጎድሉ። ቀጣዩንም ለመቀበል ጠበቁ።

«ፓስ ብሂል አለፈ!» ብላ የጮኸችው እናቴ ናት። እልልታዋን ስትለቀው ዶሮዎቹ ተበታተኑ። የኔታ ዐይናቸውን የገለጡት ያኔ ነው። ተነሥተው ሄዱና ጋሼን ከነተቀመጠበት አቀፉት፣ ብዙ ቆዩ። እኔን ሳያዩኝ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ፈለጉኝ፤ ሄጄ ያዝኳቸው።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የኔታ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ጠሩኝ። ሁልጊዜ እሳቸው ከሚቀመጡበት መደብ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ተማሪ የሚቀመጥበት አጎዛ ላይ ተቀመጡ። እሺ አላልኩም ነበር፤ ተቆጡኝ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አኖሩት።

«ንባቡ አልቋል» አሉ። «አሁን ትርጓሜውን ስጠኝ።»

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ገበሬው በሩን ከፈተ፣ ላሟ ሣሩን አየች፣ ላሟ ደስ አላት።

«ከዚያስ?»

«በቃ።»

«ላሟ ደስ አላት?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው» አሉ፣ ትንሽ ካሰቡ በኋላ።

ቀጠልኩ። አንዲት ሴትዮ ፖስታ ቤት ሄዳ ቴምብር ገዛች። ሻይ እንዲህ ተደርጎ ይፈላል። ውሻ ወንዝ ተሻገረ። በዝናብ፣ በጾም፣ በዚያ ዳገት ተሸክመው ያወጡት ይህ መሆኑ አንጀቴን በላው። እሳቸው ግን ለእያንዳንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ እንደ ወንጌል ሰሙኝ። እስኪመሽ ድረስ ሰጠኋቸው።

መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ምንባብ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ባቡር ጣቢያ ቆሟል። ልጁ ከሩቅ አገር ይመጣል፣ ባቡሩ ግን ዘግይቷል። ብርድ ነው። የጣቢያው ሠራተኛ «አባቴ፣ ገብተው ይሙቁ» ይለዋል። ሽማግሌው አመስግኖ እዚያው ይቆማል።

«መጣ?» አሉኝ።

«ማን?»

«ልጁ።»

«አይናገርም። ምንባቡ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ ነው።»

«ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«ሽማግሌው ለምን አልገባም? ይላል። አራት ምርጫ አለው። ላንብብልዎት?»

የኔታ የአጎዛውን ጠጉር በመዳፋቸው ሲያስተኙ ቆዩ።

«ለዚህኛው» አሉ፣ «ምርጫ አያስፈልገኝም።»